ስለ ዲከረንስ አተካከልና ስለ ዋጉ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ በአዊ ደጋ፣ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከጓሮ እስከ ጋራ ድረስ ስለ ተተከለው ስለ ዲከረንስ ነው። ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለ፣ አበባው ቢጫና ድቡልቡል የሆነው ይህ ዛፍ የመጣው ከአውስትራሊያ ሲሆን ወገኑ ከግራር ነው። እንደ ባቄላ ሁሉ በሥሩ ላይ ትንንሽ እባጭ ያወጣል፤ በእባጩ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ዛፉንም መሬቱንም ይመግባሉ። ስለዚህ መሬቱ ኮምጣጣ ሆኖ ገብስ እንኳ በወጉ አልይዝ ባለበት ስፍራ ዲከረንስ በቀለ።

አተካከሉን በሥራ አሳይቶ ያስፋፋው ገበሬው ራሱ ነው፤ እኛ ባለሙያዎች ዘግይተን ደርሰን ከእርሱ ተማርን ቢባል ሐሰት አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ተዘርቶ ችግኙ በመካከሉ ይተከላል፤ ጤፉ ሲታረም ችግኙም አብሮ ይታረማል። በሁለተኛው ዓመት ሣሩ እየታጨደ ለከብት ይሆናል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና እስከ አዲስ አበባ ይጫናል፤ መሬቱም እንደገና ታርሶ ጤፍ ይዘራበታል። በዚህ ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ፣ ልጁን ያስተማረ ብዙ ነው።

ኋላ ግን ዋግ መጣ። በሽታው ከሻጋታ ወገን ነው። ቅጠሉና ለጋው ቅርንጫፍ ላይ ቡናማ ነጠብጣብና እብጠት ይወጣል፤ ዝናብ ሲሆን ቡናማው ነገር እንደ ዝልግልግ ይሆናል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ዛፉ ይቀጭጫል፤ ሲብስም ይደርቃል። በደቡብ አፍሪካ ይኸው ዋግ በ2013 እ.ኤ.አ. የዲከረንስ የቅርብ ዘመድ በሆነ ዛፍ ላይ ታይቶ ነበር። ስንዴዬን ይነካብኛል ብሎ የሚሰጋ ገበሬ ቢኖር አይስጋ፤ የስንዴ ዋግ ሌላ፣ የዲከረንስ ዋግ ሌላ ነው። ዘሩ ግን እንደ ስንዴው ዋግ ዱቄት ሆኖ በነፋስ ይሄዳል፤ በልብስ፣ በመኪናና በችግኝም ይጓዛል።

እንግዲህ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ዘሩን ከጤነኛ ዛፍ ይልቀም። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ የፈላ ውኃ አፍስሶበት በዚያው ውኃ ውስጥ እስከ ማግሥቱ ይተወው፤ ያበጠውን ይዝራ፣ ያላበጠውን እንደገና ይንከረው። መደቡን ከቆየ የዲከረንስ ማሳ ያርቀው፤ ችግኙንም አያፋፍገው፤ ነፋስ ያላገኘ ቅጠል እርጥበት ይዞ ይውላልና። የታመመ ችግኝ ሲያይ ሳይራራ ነቅሎ ያቃጥለው። በማሳም ቢሆን አንድ ሜትር እንኳ ሳያራርቁ መትከል ልማድ ሆኗል፤ ይህ ለከሰል ቀጭን እንጨት ያበዛል፣ ለዋጉም መንገድ ያቀናል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። መሬቱን በሙሉ ለዲከረንስ ሰጥቶ እህሉን ከገበያ የሚሸምት ቤተ ሰብ አለ። ዛፉ በሦስተኛው ዓመት ቢደርቅበት ከሰሉም የለ፣ ጎተራውም ባዶ። አንድ ሄክታር ያለው ሰው ቢያንስ ግማሹን ለእህል ያስቀር እላለሁ፤ ኮምጣጣውን መሬት በኖራ አክሞ ገብስ ወይም ድንች ይዝራበት። በዳር በዳሩ ለከብት መኖ የሚሆን ትሪ ሉሰርን፣ ደጋ ለሆነውም ኮሶ ይትከል። ከሰል እንደ ዲከረንስ ቶሎ እንደማይሰጡ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህ ዋግ አይነካቸውም።

ማሳው የታመመበት ገበሬ እንጨቱ ለከሰል ደርሶ እንደሆነ ሳይደርቅ ይቁረጠው። ገና ለጋ ከሆነና አብዛኛው ከተያዘ ግን ይመንጥረውና እህል ይዝራበት፤ ያድናል ብሎ ሁለት ዓመት መጠበቅ መሬቱን ሥራ ማስፈታት ነው።

እናንተ የልማት ሠራተኞች ማሳ ስትጎበኙ ከጤነኛው ጀምራችሁ በታመመው ጨርሱ፤ ከታመመው ማሳ ስትወጡ ልብሳችሁን ሳታጥቡ ወደ ችግኝ ጣቢያ አትግቡ። ገበሬውም ከገበያ ችግኝ ሲገዛ ቅጠሉን እየገለበጠ ይመልከት፤ አንዲት ቡናማ እብጠት ካየ እሽጉን በሙሉ ለሻጩ ይመልስ።