ዘጠኙ ጥያቄዎችና የሰረዝነው መቀጫ

(በወርኃዊው ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የመረዳጃ ማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤

ወደ መዋጮውና ወደ ድንኳኑ ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ስለ አንዲት ወረቀት ጥቂት እንድናወራችሁ ፍቀዱልን።

ጤና ጣቢያ ደርሰው የመጡ አንዳንድ አባሎቻችን፣ «ለጨጓራዬ ብሄድ ስለ እንቅልፌና ስለ ሐሳቤ ይጠይቁኛል፤ አበደች ብለው ይሆን እንዴ?» ሲሉ ሰምተናል። ሌላውም ለሁሉም ጥያቄ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብሎ ይወጣል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ወረቀቷ ድባቴ፣ በተለምዶ ድብርት የምንለውን ሕመም መለያ መጠይቅ ናት። ስፒትዘር፣ ክሮንኬና ዊልያምስ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጧት ሲሆን፣ በአማርኛም ተዘጋጅታ በአዲስ አበባ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል።

ጥያቄዎቹ 9 ብቻ ናቸው። ባለፉት 2 ሳምንታት ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት፣ መከፋትና ተስፋ መቁረጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ማብዛት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም መብዛት፣ ራስን እንደ ከንቱ መቁጠር፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ በመጨረሻም «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ። «ፈጽሞ የለም» ላለ 0፣ «ጥቂት ቀናት» ላለ 1፣ «ከግማሽ በላይ ቀናት» ላለ 2፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ላለ 3 ይያዛል። ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። አብዛኛውን ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በባለሙያ በሚገባ ይመረመራል።

ወረቀቷ እንግዲህ ወንፊት እንጂ ፍርድ አይደለችም። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ሕመም፣ ትኩስ ሐዘንም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ድምሩ ትንሽ ቢሆንም ደግሞ ዘጠነኛውን «አዎ» ያለ ሰው ዝም ተብሎ አይሸኝም።

ታዲያ ይህን ለምን አነሣነው? እኛው ስለ በደልን ነው። አንድ አባላችን ከቀብርና ከለቅሶ ደጋግሞ ቀረ፤ መዋጮም አቋረጠ። በደንባችን መሠረት ቀጣነው፤ ቀጥሎም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጽፈን በእጁ ሰጠነው። አንድ ቃል ሳይናገር ተቀበለን። «ምን ሆነህ ነው?» ያለው አንድም ሰው ከመሀላችን አልነበረም። በኋላ ሰውነቱ እየከሳ ሲሄድ እኅቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ጥያቄዎቹን ጠየቁት፤ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ አለቀሰ። ዛሬ እየታከመ ነው፤ ሥራውንም ጀምሯል። ንገሩልኝ ብሎ ስለ ፈቀደልን ነው የምንናገረው፤ ማን ነው ብላችሁ አትፈልጉ። ለእኛ ያለን ይህን ነው፦ «ደብዳቤያችሁን ሳነብ፣ ለእኔም ቀብር እንደማትመጡ ገባኝ።»

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል።

1ኛ/ የዚህ አባል መቀጫ ተሰርዟል። ከእንግዲህ የሚቀር አባል ከመቀጣቱ በፊት ሁለት ሰው ቤቱ ሄዶ ይጠይቀዋል።

2ኛ/ ጥያቄዎቹን መጠየቅ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ኮሚቴው አይጠይቅም፤ የማንም መልስ ወደ ማኅበሩ መዝገብ አይገባም።

3ኛ/ ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ አይመልስ። ማንበብ የማይችል ሰው ባለሙያው ያንብብልኝ ይበል፤ ቤተሰብ ውጭ ይጠብቅ።

4ኛ/ «ሞት በወሰደኝ» የሚል ሰው ስትሰሙ «ኧረ አታሟርት» ብላችሁ አትለፉት። በእርግጥ ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ ብላችሁ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አስቤያለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ያን ሰዓቱን ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ማንም አይቀድመንም። በሕይወት ያለውን ሰው ደጅ ማንኳኳት ላይ ግን ሰነፍ ነበርን። ይቅርታ እንጠይቃለን።

አሁን ወደ መዋጮው እንለፍ።