ዛጎል ለበስ የውሃ እንስሳት፦ ሥነ ሕይወታቸው፣ እርባታቸውና ጥበቃቸው



በጥሪ ወረቀቱ ላይ የሠፈረው ርእስ ሦስት ጉዳዮችን ይዟል፤ ሥነ ሕይወት፣ እርባታና ጥበቃ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት ከሐይቅና ከወንዝ ቀንድ አውጣዎች ጋር ስለሆነ ንግግሬ ወደዚያ ቢያደላ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዓድዋ ልነሣ። በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለማጥናት በዚያ አካባቢ ጅረቶች ዳር ይመላለሱ ነበር። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። አክሊሉም ሴቶቹ ከአረፋው ጥቂት ወስደው፣ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በነበሩበት ዕቃ ውስጥ እንዲጨምሩላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በዓመቱ የመጀመሪያው ሪፖርት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቁታላችሁ። ተማሪዎቼ ሲናገሩት ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይዘልላሉ። እንዶድ ቆሻሻ እንደሚያስለቅቅ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። አዲሱ ነገር ከማጠቢያው በላይ ያለውን ውሃና ከማጠቢያው በታች ያለውን ውሃ ማነጻጸሩ ነው። ማነጻጸሪያ ባይኖር ኖሮ የሞተው ቀንድ አውጣ የሞተ ቀንድ አውጣ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የመመረቂያ ጥናት የምታዘጋጁ ልጆች ይህን ያዙልኝ፤ መሣሪያ ቢያጥራችሁም ማነጻጸሪያ አይጥፋባችሁ።

ገዳዩ ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ፍሬው ደርቆ ተፈጭቶ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲገናኝ፣ በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሳፖኒኑን ወደ ኃይለኛው ቅርጽ ይለውጠዋል። ሙሉ በሙሉ አድጎ ገና ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ከበሰለው ይበልጣል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየቦታው የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች አብቅለው፣ አወዳድረውና መርጠው ዓይነት 44 በመባል የታወቀውን ለይተዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በጋራ ነው። የአክሊሉ ስም ሲነሣ የለገሠም ስም አብሮ ሊነሣ ይገባል። ዕፅዋቱን በትዕግሥት የመረጠ እጅም የግኝቱ አካል ነው።

አሁን ወደ ሥነ ሕይወቱ እንግባ። ቢልሃርዝያ አስተላላፊው ባዮምፋላሪያ የተባለው ቀንድ አውጣ ወንድነትንም ሴትነትንም በአንድ አካል ይዟል፤ ሲያስፈልገው ብቻውን ይራባል። እንዶድ ደግሞ ቀንድ አውጣውን በሚገድልበት መጠን እንቁላሉን አይገድልም። ሁለቱን አንድ ላይ አስቡ። አንድ ጊዜ መርጨት ጅረቱን ለጥቂት ሳምንታት ያጸዳል፤ ከዚያ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ የተረፈች አንዲት ቀንድ አውጣም ብቻዋን መንጋ ትመሠርታለች። ስለዚህ ርጭቱ በየጊዜው መደገም ነበረበት። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው ሙከራ የበሽታው ስርጭት በነዋሪው መካከል ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ገደማ፣ በትንንሽ ሕፃናት ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። በሕፃናቱ ላይ ውጤቱ የጎላው ምክንያት ግልጽ ነው። በአዋቂው ገላ ውስጥ ያለው የቆየ የቢልሃርዝያ ትል ውሃው ስለጸዳ አይወጣም፤ ርጭቱ ከተጀመረ በኋላ የተወለደው ሕፃን ግን ገና አልተያዘም ነበር።

ይህ ሁሉ ውጤት ተገኝቶ እንኳ ከውጭ የመጣው መልስ ለዓመታት «የመርዛማነት ምርመራው ይደገም» የሚል ነበር። አክሊሉ ለማ አፍሪካ ውስጥ የሚሠራ ሳይንስ እምነት እንደሚነፈገው እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ተከራክረዋል። እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ታሪኩ ግን በዓድዋ አላበቃም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዛሬው ንግግሬ ልብ ይኸው ነው።

በ1988 በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ ባለው በሴንት ክሌር ሐይቅ ውስጥ አንድ እንግዳ ዛጎል ተገኘ። ድራይሴና ይባላል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ ቡናማና ነጭ መስመር ያላት፣ ሁለት ክዳን ያላት ፍጥረት ናት። የትውልድ ቦታዋ የጥቁር ባሕርና የካስፒያን ባሕር አካባቢ ነው፤ የተሻገረችውም መርከቦች ለሚዛን በሚጭኑት ውሃ ውስጥ ሆና ነው። አንዲቷ እንስት በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች። እጯ ለሳምንታት በውሃ ውስጥ ትንሳፈፋለች፤ ከዚያም ጠንካራ ክሮች አውጥታ ያገኘችው ደረቅ ነገር ላይ ትጣበቃለች። በታኅሣሥ 1989 በሚቺጋን ግዛት የምትገኘው የሞንሮ ከተማ የውሃ መሳቢያ በእነዚህ ዛጎሎች ሳቢያ ተዘግቶ ከተማዋ የመጠጥ ውሃ አጣች።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለአክሊሉ ለማ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። በዚያው አጋጣሚ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች እንዶድን በድራይሴና ላይ ሞከሩት። ሠራ። ዩኒቨርሲቲው በአጠቃቀሙ ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። የዓድዋ ሴቶች ከእናቶቻቸው የተቀበሉት ዕውቀት በሌላ አገር የመብት ሰነድ ላይ ሠፈረ ማለት ነው። ጥቅሙ ለማን ይገባል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ድረስ በሕግ ምሁራን ዘንድ ይነሣል።

ታዲያ ሐይቁ ላይ ለምን አልተረጨም? እንዶድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢበሰብስም፣ ሳፖኒን በስንጥብ የሚተነፍስ ፍጥረትን ሁሉ ይጎዳል፤ ዓሣንም ጭምር። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያው ሐይቅ ውስጥ ድራይሴና የምታጠፋቸው ነባር ዛጎሎች አሉ። ሰሜን አሜሪካ 300 የሚያህሉ የወንዝና የሐይቅ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ዝርያዎች አሉት፤ በዓለም ላይ ይህን የሚያህል ሀብት ያለው አህጉር ጥቂት ነው። ድራይሴናዎቹ በነባሮቹ ጀርባ ላይ ተደራርበው ይሰፍሩና ምግባቸውን ከአፋቸው አጣርተው ይነጥቃሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነባሮቹ ከሴንት ክሌር ሐይቅ መካከለኛ ክፍል ጠፉ ማለት ይቻላል።

እነዚህ ነባሮች እንዴት እንደሚራቡ ልንገራችሁ። እጫቸው በዓሣ ስንጥብ ላይ ለሳምንታት ካልተጣበቀ አያድግም። ስለዚህ እናቲቱ ዓሣውን መጥራት አለባት። ላምፕሲሊስ የተባሉት ዝርያዎች ከዛጎላቸው ጫፍ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ሥጋ፣ ዓይንና ጅራት ሳይቀር፣ እያወዛወዙ ያሳያሉ። ትልቁ ዓሣ ሊውጠው ሲቀርብ እጮቹን ትረጭበታለች። ኤፒዮብላዝማ ከተባለው ወገን አንዷ ደግሞ ድንጋይ እየገለበጠ ምግብ የሚፈልገውን ትንሽ ዓሣ ጠብቃ፣ ራሱን በሁለቱ ክዳኖቿ መካከል ትይዘዋለች፤ እጮቿን በስንጥቡ ላይ ካራገፈች በኋላ ትለቀዋለች። ዓይን የሌላት ፍጥረት ናት ይህን የምታደርገው! ዓሣው ከወንዙ ከጠፋ፣ ወይም ግድብ መንገዱን ከዘጋበት፣ ዛጎሏ አርጅታ እስክትሞት ለብዙ ዓመታት ያለ ልጅ ትኖራለች። የሚያያት ሰው ወንዙ ደህና ይመስለዋል። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ጠፍተዋል ብሎ ካወጃቸው 21 ዝርያዎች ውስጥ ስምንቱ እንዲህ ያሉ ዛጎሎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም የዚችው የዓሣ ያዥ የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

እንግዲህ እንዶድ በቧንቧ ውስጥ ሊያገለግል ይችላል፤ ሐይቅ ውስጥ ግን ጠላትን ከወዳጅ አይለይም። ይህን የሚነግረን የእንስሳቱ ሥነ ሕይወት ነው። የምንገድለውን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የሚኖረውንም ካላወቅን መድኃኒት አለን ማለት አንችልም።

ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ወደ እርባታው ልለፍ። በ2020 በዓለም ዙሪያ 17.7 ሚሊዮን ቶን ዛጎል ለበስ እንስሳት በእርባታ ተመርተዋል፤ ከአምራቾች ሁሉ ቻይና ትቀድማለች። ባለ ሁለት ክዳኖቹ ውሃውን አጣርተው ስለሚመገቡ መኖ አይፈልጉም፤ ይህ ከዓሣ እርባታ የሚለያቸው ትልቅ ጥቅም ነው። በብዙዎቻችን ዘንድ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ ስለማይበላ ጉዳዩ ብዙም አልተነሣም። ነገር ግን እርባታ ለምግብ ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን ሱዳን፣ በቀይ ባሕር ዳር በዶንጎናብ፣ ሲሪል ክሮስላንድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዕንቁ ዛጎል አርብቷል። በዊስኮንሲን ደግሞ ጄኖአ በተባለው የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ፣ እጮችን በዓሣ ስንጥብ ላይ እያስያዙ ያሳደጓቸውን ነባር ዛጎሎች ወደ ወንዛቸው ይመልሳሉ። እርባታና ጥበቃ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ጥበቃ የቀረኝ የራሳችን ነገር ነው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ በጥንት ዘመን አንድ ሐይቅ እንደነበሩ የታወቀበት አንዱ መንገድ ዛሬ ከውሃው ርቀው በደረቅ መሬት የሚገኙት ዛጎሎች የዕድሜ ምርመራ ነው። የሞቱት እንዲህ ተጠንተዋል፤ ለሕያዋኑ ግን የሰጠነው ትኩረት ቢልሃርዝያ ያስተላልፋሉ በሚባሉት ላይ ብቻ ያረፈ ነው። በ2011 መጤው አረም እምቦጭ ጣና ሐይቅ ላይ ሲታይ ዝግጁ አልነበርንም። ከሌላ አህጉር የሚመጣ ዛጎልም በጀልባ ወይም ከዓሣ ጫጩት ጋር ሊገባ ይችላል፤ ምን እንደነበረን ካልመዘገብን ምን እንዳጣን አናውቅም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በሐይቅ ዳር ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችሁን ለመስክ ስታወጡ ዛጎል አስለቅሙ፤ ቦታውንና ቀኑን በወረቀት አስጽፉ፤ ትምህርት ክፍላችሁም በመደርደሪያ ያስቀምጠው። በዓሣ ሀብት ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ጀልባና መረብ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ሲዛወር ታጥቦና ደርቆ እንዲገባ አድርጉ። ሁለቱም ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።