ከስንዴ ቡቃያ ጭማቂ በፊት የጓሮ ጎመን

በዩኒየናችን የምስረታ በዓል ላይ በአንድ የቀበሌ የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር








የተሰጠኝ ርዕስ ስንዴና የቤተሰብ አመጋገብ የሚል ነው። ስለ ስንዴ ምርታማነት ከእኔ በፊት የተናገሩት ባለሙያዎች በሰፊው ስላብራሩ፣ እኔ ስንዴ ገና ሣር ሳለ ተጨምቆ ስለሚጠጣበት ጉዳይ እናገራለሁ። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። በእኛ አገር የሰው ከብት ቡቃያ ውስጥ ገባ ማለት ሽማግሌ የሚያስቀምጥ፣ ካሣ የሚያስከፍል ጉዳይ ነው። አሁን ደግሞ ከብቱን ከልክለን እኛው ጨምቀን እንጠጣው የሚል ወሬ ከከተማ መጥቷል። ወሬው በስልክ ይዞራል፤ ለበዓል ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቻችንም ያወሩታል። የስንዴ ቡቃያ ጭማቂ ደም ይተካል፣ ስኳር ያጠፋል፣ ካንሰር ይፈውሳል ይባላል።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ስንዴ ተዘርቶ ከ7 እስከ 10 ቀን ሲሆነው፣ ቁመቱ ስንዝር ሲሞላ ይታጨዳል። ቅጠሉ ተወቅጦ ወይም በማሽን ተጨምቆ አረንጓዴው ውሃ ብቻ ይጠጣል። ሣሩን እንዳለ የማንበላበት ምክንያት ግልጽ ነው። ላም አራት ክፍል ያለው ሆድ አላት፣ ታመሰኳለች፤ የእኛ ሆድ ግን የሣር ገለባ አይፈጭም። የሚጠጣው መጠን በተለምዶ 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ ከአንድ የአረቄ መለኪያ ብዙ አይርቅም።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት በራሴ ላይ ከደረሰ ስህተት ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በቀበሌያችን ለሴቶች የልማት ቡድን ስለ ጓሮ አትክልት ሥልጠና ስሰጥ አንዲት እናት ስለዚህ ጭማቂ ጠየቁኝ። ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅሁት በሰብል ልማት ነው፤ አጥንቼ እመልሳለሁ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ባለሙያ አያውቅም እንዳልባል ብዬ፣ ጥሩ ነው፣ ደም ይተካል ይባላል አልኳቸው። "ይባላል" የምትለዋን ቃል ማንም አልሰማትም። የልማት ሠራተኛው ተናግሯል ተብሎ ወሬው በየቤቱ ገባ።

አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ሰላምታም አልሰጠችኝም። የ5 ወር ነፍሰ ጡር የሆነች አንዲት የማኅበራችን አባል ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የደም ማነስ መከላከያ እንክብል ትታ በየማለዳው አንድ መለኪያ የስንዴ ቡቃያ ጭማቂ እየጠጣች ነው አለችኝ። አብረን ወደ ቤቷ ሄድን። ቡቃያው በሰፌድ ላይ አምሮ በቅሏል። እፍኝ አፈር አንስቼ የፍሬውን ልጣጭ ሳየው ግን ቀይ ነው። ከዘር ወቅት የተረፈ፣ በመድኃኒት የታሸ ምርጥ ዘር ነበር። እህታችን ሆዷን እንደሚያማትና እንደሚያስመልሳት ነገረችን፤ እሷ የእርግዝናው ነው ብላ ነበር። የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ደሟ ሲመረመር ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጭማቂውን አቁማ እንክብሉን ቀጠለች፣ በሰላምም ተገላገለች። በሰላም ባትገላገል ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ የምናገርበት አፍ አይኖረኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዳዩን አገላብጬ ያነበብኩት። ደም ይተካል የሚባለው ከየት መጣ? የቅጠል አረንጓዴ ቀለም ክሎሮፊል ይባላል። የደማችን ቀይ ቀለም ደግሞ ሂሞግሎቢን ይባላል። የሁለቱ አሠራር በከፊል ይመሳሰላል፤ ነገር ግን በክሎሮፊሉ መሐል ያለው ማዕድን ማግኒዥየም ሲሆን በደሙ መሐል ያለው አይረን ነው። የጠጣነው ክሎሮፊል ሆዳችን ውስጥ ገብቶ ወደ ደም አይለወጥም። ቢለወጥማ ኖሮ ጎመን የሚበላ ሁሉ ደም ማነስ አያውቀውም ነበር።

በቁጥር እንየው። በ28 ግራም የስንዴ ቡቃያ ጭማቂ ውስጥ የሚገኘው አይረን 0.66 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ለነፍሰ ጡር በብዛት የሚሰጠው አንድ የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል ደግሞ 60 ሚሊ ግራም አይረን ይዟል። ስለዚህ የአንዷን እንክብል አይረን ከጭማቂው ለማግኘት ወደ 90 መለኪያ፣ ማለትም 2 ሊትር ተኩል ገደማ በየቀኑ መጠጣት ያስፈልጋል። ለዚያ የሚሆን ቡቃያ ለማግኘት ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ጓሮ አይበቃም።

ይህን ስል ነገሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አጀማመሩን ስታዩ ለእኛ ለገበሬዎች ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ ካንሳስ ቻርልስ ሽናብል የተባለ የእርሻ ኬሚስት ለሞት የተቃረቡ ዶሮዎቹን ለጋ ሣር እያጨደ ቢመግባቸው እንዳገገሙና እንቁላል መጣላቸውም እንደጨመረ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ሣሩን እያደረቀና እየፈጨ ለቤተሰቡና ለጎረቤቶቹ ሰጠ። ዶሮ የምታረቡ ይህ አያስደንቃችሁም። ተዘግታ እህል ብቻ የምትበላ ዶሮና ደጅ ወጥታ ቅጠል የምትለቅም ዶሮ የእንቁላሏ አስኳል እንኳ አንድ አይደለም። እኔ እንደማየው ለዶሮዎቹ የጎደላቸው አረንጓዴ ነገር ነበር፤ ያንን አገኙ።

በሰው ላይም የተሞከረ አለ። በእስራኤል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የትልቁ አንጀት ቁስለት ላለባቸው ሕሙማን ለ1 ወር በየቀኑ 100 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ሰጥቶ፣ ሌሎቹ ጭማቂውን የሚመስል መጠጥ ከተሰጣቸው ይልቅ መድማታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። የተሳተፉት ግን ከ25 ሰው አይበልጡም። ከዚህ ተነስቶ ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው ማለት አንድ ማሳ አይቶ የወረዳውን ምርት እንደ መገመት ነው። ጭማቂውን በዓለም ያስተዋወቀችው የቦስተኗ አን ዊግሞርም ፕሮግራሟ የስኳር ሕሙማንን ከኢንሱሊን ያሳርፋል በማለቷ እ.ኤ.አ. በ1982 በማሳቹሴትስ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ተከሳ ነበር፤ በኋላም አባባሏን ትታዋለች። እዚህ መካከል የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ አባቶች አላችሁ። መድኃኒታችሁን በሣር ውሃ አትለውጡ።

አሁን ወደ ራሳችን ገበታ እንመለስ። በሥራዬ ምክንያት ብዙ ቤት እገባለሁ። ትናንት ምን በላችሁ ብዬ ስጠይቅ መልሱ በአብዛኛው ጠዋት ቂጣ፣ ምሳ እንጀራ በሽሮ፣ ማታም እንጀራ በሽሮ ነው። ስንዴ በኩንታል የሚሸጥ፣ ጎተራው የሞላ ቤት ነው የምላችሁ። ሽሮው መልካም ነው፤ እንጀራውም መቦካቱ በእህሉ ውስጥ ያለው አይረን ለሰውነት እንዲቀል ይረዳል። የሚጎድለው አረንጓዴው ነው። እኛም ልክ እንደ ሽናብል ዶሮዎች ነን ብል አትቀየሙኝ።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ደግሞ የጭማቂ ማሽን አያስፈልግም፤ ጎመን አለ። በክብደት እኩል አድርገን ብንመዝን በ28 ግራም የስንዴ ጭማቂ ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ ሲኖር በጥሬ ስፒናች ውስጥ 8 ሚሊ ግራም ገደማ አለ፤ ጎመን ደግሞ በዚህ ከስፒናችም ይበልጣል። ጭማቂ ሲጨመቅ አሰሩ ይጣላል፤ ጎመን ሲበላ አሰሩ አብሮ ይገባል፣ ለአንጀትም ይጠቅማል። በመለኪያ የሚጠጣና በሳህን የሚበላ ደግሞ እኩል አይሆንም።

ስለ አሠራሩ ግን ጥቂት ልናገር፤ እዚህ ላይ እናቶች እንዳትስቁብኝ። ጎመኑን ብዙ ቀቅለን ውሃውን ከደፋነው ቫይታሚን ሲው ከውሃው ጋር ይሄዳል። በጥቂት ውሃ ለአጭር ጊዜ ይብሰል። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲገባበት ለዓይን የሚጠቅመው ቫይታሚን ኤ በደንብ ይወሰዳል። ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ጥቂት ሎሚ ከሽሮው ወይም ከምስሩ ጋር ብንበላ በእህሉ ያለው አይረን ወደ ሰውነት ይገባል። ቡናና ሻይ በአንጻሩ አይረኑን ይይዙታል። ቡና አትጠጡ ብል ከዚህ አዳራሽ በሰላም እንደማልወጣ አውቃለሁ፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እናቆየው ነው የምለው፤ በተለይ ነፍሰ ጡሮች።

በበጋ ጎመን አይገኝም የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የእጅ መታጠቢያና የእቃ ማለቅለቂያ ውሃ፣ ሳሙና ያልበዛበት፣ ሁለት መደብ ጎመን ያቆያል። ከሥሩ ያለውን ቅጠል እየቀነጠሱ እምቡጡን ከተዉት ለወራት ይሰጣል። ዋናው ችግር ዶሮና ፍየል ነው፣ እሱንም እሾህ ይፈታዋል።

ጭማቂውን ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ቢኖር አልከለክልም። ለጠላ ብቅል የምታበቅል እናት ለዚህ ሥራ ሥልጠና አያስፈልጋትም፤ ከብቅሉ ጥቂት ቀን አልፎ ቅጠል እስኪያወጣ መጠበቅ ነው። ነገር ግን ስንዴው ለምግብ ከተቀመጠው፣ መድኃኒት ካልነካው ይሁን። ነቀዝ እንዳይበላው በጎተራ መድኃኒት የገባበትም አይሆንም። ፍግ ባልተነሰነሰበት ንጹሕ አፈር ይብቀል፤ ሻጋታ ከታየበት ይጣል፤ ቅጠሉ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይጨመቅ፣ ወዲያው ይጠጣ። ጥሬ ስለሆነ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ይቅርባቸው። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ከማሳ ደግሞ ማንም አጭዶ እንዳይጠጣ። ለአረም ቱፎርዲ፣ ለዋግ ሌላ መድኃኒት የምንረጭበት ቅጠል ነው።

ለዩኒየናችን አመራሮችና ለወረዳችን ኃላፊዎች ሁለት ነገር አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ስለ ተረፈ ዘር ነው። በየዓመቱ ከዘር በኋላ በየቤቱ ግማሽ ጆንያ፣ ሩብ ጆንያ የታሸ ዘር ይቀራል። ታጥቦ ወፍጮ ቤት የሚሄድም አለ፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ አንናገረውም። በውሃ ቢታጠብ ቀለሙ ይለቃል እንጂ መድኃኒቱ ለምግብ በሚያበቃ ሁኔታ አይወጣም። መሠረታዊ ማኅበራት ይህን ተረፈ ዘር መዝነው የሚረከቡበት፣ ለገበሬውም ለቀጣዩ ዓመት የሚታሰብለት መንገድ ቢበጅ፣ ገበሬው ገንዘቡ እንዳይባክን ብሎ ልጆቹን አይመግብም። ጆንያው ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያም ማንበብ ለማይችሉት በርክክቡ ዕለት በቃል ይነገር።

ሁለተኛው፣ በማኅበራት ሱቅ ማዳበሪያ፣ ዘይትና ስኳር እናገኛለን፤ የአትክልት ዘር ግን አናገኝም። አንድ ከረጢት የጎመን ዘር ለመግዛት ገበሬው ከተማ ድረስ ይሄዳል። ከአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ጎን አንድ ጣሳ የጎመን ዘር ብናስቀምጥ ለመጋዘኑ ሸክም አይሆንም።

ያቺ እህታችን ዛሬ ከነልጇ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች። ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አትጥራ ብላኛለች። የዘንድሮውን የጎመን ዘር ከጓሮዋ የሰበሰበችው እሷ ናት፤ በበሩ ግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ በጣሳ አስቀምጠነዋል። ስትወጡ እየቆነጠራችሁ ውሰዱ፤ መቋጠሪያ ጨርቅ ያልያዘ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወረቀት ይቀበል። ከእኔ ጋርም ታርቃለች።