የማይጮኸው ስሕተት፦ ሰፊ የካርታ መረጃና የጨፋ ሸለቆ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ ርእስ ብዙዎቻችን በየመሥሪያ ቤታችን ከኮምፒዩተር ጋር ተፋጠን የምናመሽበት ጉዳይ ነው። ይኸውም እጅግ ሰፊ የሆነ የካርታ መረጃ በሶፍትዌር ሲሠራ ስለሚነሡ ስሕተቶችና ምክንያታቸው ስለሚፈለግበት መንገድ ነው። ነገሩን በደፈናው እንዳላወራው ምሳሌዬን ከአንድ ቦታ፣ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በከሚሴ ዙሪያ ከተዘረጋው ከጨፋ ሸለቆ እወስዳለሁ።

ጨፋን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከደሴ በላይ ካሉት ተራሮች የሚነሣው የቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ ሜዳ አልፎ ወደ ደቡብ ይወርድና በሸለቆው ወለል ላይ ይተኛል፤ ኋላም ወደ አዋሽ ያመራል። በክረምት ውሃው ሜዳውን ያለብሰዋል። በበጋ ደግሞ የሸለቆው ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ከአፋር ቆላ ከብቱን እየነዳ የሚመጣው አርብቶ አደር ሣርና ውሃ የሚያገኘው እዚያ ነው። እንግዲህ በዚህ ሸለቆ ካርታ ላይ የምትሰመር አንዲት መስመር የማን ማሳ በጎርፍ እንደሚጠቃና የማን ከብት የት እንደሚሰማራ ለሚወስን ሰው ማስረጃ ሆና ትቀርባለች። የእኛ ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ በዚህ ይለካል።

በመጀመሪያ ስለሚጮኸው ስሕተት ልናገር። በየካቲት ወር 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) ኢንደቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር 11 ቀን ምድርን እየዞረች የአብዛኛውን የብስ ከፍታ በራዳር ለካች። በ30 ሜትር ገደማ ርቀት የተዘጋጀው ዝርዝር መረጃም ለአፍሪካ በ2007 ዓ.ም. መባቻ (እ.ኤ.አ. 2014) በነጻ ተለቀቀ። መረጃው አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ በሆኑ ሣጥኖች የተከፋፈለ ነው። አንዱ ሣጥን 3,601 በ3,601፣ ማለትም 12,967,201 የከፍታ ቁጥሮች ይይዛል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ባይት ስለሚወስድ ሣጥኑ 26 ሚሊዮን ባይት ያህል ይሆናል። ይህ ለዛሬ ኮምፒዩተር ቀላል ሸክም ነው።

አገሪቱን በሙሉ በአንድ ፋይል ልንይዝ ስንነሣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ3ኛው እስከ 15ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ ከ33ኛው እስከ 48ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ያለው ስፋት 180 ሣጥኖች ነው። የጋራ ጠርዞቻቸው ተቀንሰው ሲጋጠሙ 54,000 በ43,200፣ ማለትም 2,332,800,000 ቁጥሮች ይሆናሉ። ነጥቦችን በ32 ቢት የሚቆጥር አሮጌ ፕሮግራም ደግሞ ሊቆጥር የሚችለው እስከ 2,147,483,647 ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ቁጥሩ ተገልብጦ ከዜሮ በታች ይሆናል። የቀድሞው የቲፍ ፋይል አሠራርም ከ4,294,967,296 ባይት በላይ አይሸከምም፤ የእኛ ፋይል ግን 4,665,600,000 ባይት ነው።

ፋይሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ በመስመር በመስመር ቢጻፍ ወሰኑ የሚሞላው 39,768 መስመር ካለፈ በኋላ፣ ከ4ኛው ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። ከሚሴም አዲስ አበባም ደኅና ይወጣሉ፤ የምትጠፋው ሞያሌ ናት። የወሎን ክፍል ብቻ ተመልክቶ «ካርታው ደኅና ነው» የሚል ባልደረባ ዐይኑ አላታለለውም፤ የተመለከተው ግን ስሕተቱ የሌለበትን ቦታ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩን በወረቀት ላይ ማባዛት፣ የፕሮግራሙንና የፋይሉን ዓይነት ወሰን ማወቅ፣ በ64 ቢት የሚቆጥር ፕሮግራምና ለትልቅ ፋይል የተዘጋጀውን አዲሱን የቲፍ ዓይነት መምረጥ ይበቃል። ከ180ው ሣጥኖች አንዱ ተበላሽቶ ሥራውን የሚያቆመው ከሆነም ሁሉን አንድ በአንድ መመርመር አያስፈልግም። ለሁለት ከፍሎ ስሕተቱ በየትኛው እኩሌታ እንዳለ መፈተሽ፣ ያንንም እንደገና ለሁለት መክፈል ነው፤ ቢበዛ በስምንት ሙከራ ጥፋተኛው ይገኛል።

የበለጠ የሚያስፈራኝ የማይጮኸው ስሕተት ነው። ይህን የምናገረው ከራሴ ጥፋት በመነሣት ነው። በአንድ ወቅት ለጨፋ የጎርፍ ካርታ የውሃ መውረጃዎችን ሳሰላ፣ አንድ ላይ የሰበሰብሁት መረጃ ከኮምፒዩተሩ ትውስታ በላይ ሆነና ሥራው ተቋረጠ። እኔም ብልኅ መስሎኝ እያንዳንዱን ሣጥን ለብቻው አሠራሁት። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ጨረሰ፤ ካርታውም ያማረ ነበር። በመስክ የቆየ አንድ ባልደረባዬ ግን ጥቂት ተመልክቶ፣ የደሴ ውሃ የት ገባ ሲል ጠየቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሣጥኖቹ መጋጠሚያ የሆነው 11ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ የሚያልፈው በኮምቦልቻና በሐርቡ መካከል ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ሣጥን፣ ከሚሴና ጨፋ በደቡቡ ሣጥን ይገኛሉ። የደቡቡ ሣጥን ለብቻው ሲሰላ ወንዙ ጠርዙ ላይ ከባዶ ይጀምራል፤ ከላይ የሚመጣው ውሃ ሁሉ አልተቆጠረም። በእኔ ካርታ ላይ ጨፋን የሚያጠጡት ከጎን ተዳፋቶች የሚወርዱ ጅረቶች ብቻ ነበሩ፤ ቦርከናም የአንድ መንደር ጅረት መስሎ ቀረ። በዚያ ካርታ ተመርቶ መንደር ወይም ድልድይ ቢሠራ ኖሮ ክረምቱ ሲመጣ የሚፈርደው ወንዙ ነበር።

መፍትሔው መረጃውን በዲግሪ መስመር ሳይሆን በተፋሰስ መቁረጥ ነው። ሁለቱ ሣጥኖች፣ ወደ አዋሽ መውረጃውን ለመያዝም ከእነርሱ በምሥራቅ ያሉት ሁለቱ ጎረቤቶቻቸው ተጨምረው፣ በጠቅላላው 104 ሚሊዮን ባይት ያህል ብቻ ናቸው። መጀመሪያውኑ ኮምፒዩተሩን ያስጨነቅሁት የማያስፈልገኝን አገር ሁሉ አሸክሜው ነበር። መከፋፈል ግድ በሚሆንበት ጊዜም ክፍሎቹ እንዲደራረቡ ማድረግና በመጋጠሚያው ላይ የሁለቱን ውጤት ማስተያየት ያስፈልጋል፤ የውሃ ድምር ሲሆን ግን መደራረብ ብቻውን ስለማይበቃ ከላይኛው ክፍል የወጣው መጠን ለታችኛው መተላለፍ አለበት።

ሁለተኛው ዝምተኛ ስሕተት የመነሻ ልዩነት ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተማቸው የ1፡50,000 ካርታዎች በአዲንዳን መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ የዛሬው የሣተላይት መረጃ ግን የሚሠራው በዓለም አቀፉ መነሻ በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። በሁለቱም ዘንድ ጨፋ «ዞን 37» ስለሚባል ፕሮግራሙ ልዩነቱን አያስታውቅም። በፍርግርጉ ላይ ግን የአንዱ ነጥብ ቁጥሮች ወደ ምሥራቅ 100 ሜትር፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። ይህ ርቀት የረግረጉን ዳር ከአንድ ገበሬ ማሳ ላይ አንሥቶ በጎረቤቱ ማሳ ላይ ለማሳረፍ ይበቃል።

በመጨረሻም ስሕተት ሳይሆን ስሕተት ተብሎ ስለሚታረመው ነገር ላንሣ። የውሃ መውረጃ የሚያሰሉ ፕሮግራሞች መውጫ የሌለውን ጎድጓዳ ቦታ ሁሉ የመረጃ ጉድለት ነው ብለው አስቀድመው ይሞሉታል። በተራራማ አገር ይህ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ጨፌ የሚለው ቃል ግን ውሃ የሚተኛበትን ለምለም መስክ ያመለክታል፤ የሸለቆው ስም ራሱ ጎድጓዳው እውነተኛ መሆኑን እየመሰከረ ፕሮግራሙ ረግረጉን ደርድሮ ደረቅ ሜዳ ያደርገዋል። በሌላ በኩል ቁመቱ በሙሉ ሜትር ብቻ የተመዘገበ፣ ራዳሩም ከደንገሉ አናት ሊመለስ በሚችልበት ቦታ፣ አንዳንዱ ጎድጓዳ በእርግጥ የመረጃ ጉድለት ነው። ሁለቱን ለመለየት ከመሙላቱ በፊትና በኋላ ያለውን ከፍታ ማቀናነስ፣ ልዩነቱን በካርታ ላይ ማሳየት፣ ከዚያም ወደ ቦታው ሄዶ በበጋም በክረምትም ማየት ያስፈልጋል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ሥራው ተቋርጦ ቀይ ጽሑፍ ሲወጣ እንናደዳለን። እኔ ግን ዕድሜ ካስተማረኝ ነገር አንዱ ለዚያ ቀይ ጽሑፍ ማመስገንን ነው፤ ጥፋቱን ደብቆ ያማረ ካርታ ከሚያስረክብ ፕሮግራም ሥራውን አቁሞ የሚከራከር ይሻላልና። ስለዚህ የስሕተቱን መልእክት ሳናነብ አንዝጋው፤ ምን እንደሞከርንና ምን እንደሆነ በመዝገብ እንጻፍ፤ በትንሽ ናሙና ሳንፈትን ትልቁን አንጀምር፤ ጨርሶ ሲወጣም አስቀድመን መልሱን በምናውቅበት አንድ ቦታ እንመዝነው። ከሁሉ በላይ ካርታው ከመታተሙ በፊት በዚያ ቦታ ለሚኖሩ ሰዎች እናሳያቸው፤ የቦርከና ውሃ ከየት እንደሚመጣ እነርሱ ሳያሰሉ ያውቁታል።