በሽተኛን እንጠይቅ፤ በሽታን ግን አናዛምት
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በሽተኛን መጠየቅ በአገራችን የቆየ ልማድ፣ ለአማኝም የፍቅር ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ የጎደለው ጥየቃ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል የኮሮና ቫይረስ ታሪክ ያስተምረናል።

በሰው ላይ የሚገኙት ኮሮና ቫይረሶች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ለብዙ ዘመን ከጉንፋን ያለፈ ጉዳት የሚያደርሱ አይመስሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ግን ሳርስ የተባለ ከባድ የሳንባ በሽታ በደቡብ ቻይና ተነሣ። በ2003 በሽታው ቪየትናም ሲገባ፣ በሐኖይ የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ካርሎ ኡርባኒ አደጋውን ሳይዘገዩ አስታወቁ፤ ሕሙማኑም ተለይተው እንዲታከሙ መከሩ። እርሳቸው በዚሁ በሽታ ሞቱ፤ ቪየትናም ግን ሳርስን በመግታት የመጀመሪያዪቱ አገር ሆነች። በሽታው ከ8,000 በላይ ሰዎችን ይዞ 774 ከገደለ በኋላ በዚያው ዓመት ተገታ። ያቆመው ክትባት አይደለም፤ ሕመምተኛውን ቶሎ ማግኘት፣ ለይቶ ማስታመምና አብረውት የነበሩትን መከታተል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፈው ሜርስ በሳዑዲ ዓረቢያ ተገኘ። በ2015 ከመካከለኛው ምሥራቅ የተመለሰ አንድ መንገደኛ ወደ ደቡብ ኮሪያ አስገባው። ሕክምና ፍለጋ ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው ሲሄድ በሽታው ተዛመተ፤ 186 ሰዎች ተያዙ፣ 38ቱ ሞቱ። በዚያም እንደ እኛው ዘመድ ሆስፒታል ገብቶ ማስታመም የተለመደ ነው። ከተያዙት መካከል ብዙ አስታማሚዎችና ጠያቂዎች ነበሩ። ፍቅር ያመጣቸው ሰዎች በሽታ ይዘው ተመለሱ።

በ2019 መጨረሻ በቻይና የታየው ኮቪድ 19 ከሁለቱ ይልቅ አስቸጋሪ ሆነ፤ ሰው ሕመም ሳይሰማው ያስተላልፋልና። ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዓለም በይፋ የተመዘገበው ሞት ብቻ ከ7 ሚሊዮን ይበልጣል።

እንግዲህ ወገኖች፣ አዲስ በሽታ ሲሰማ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ሳንደብቅ ለጤና ጣቢያ እንንገር። ሁለተኛ፣ የታመመውን አናሳፍር፤ የሚያፍር ሰው ይሸሸጋልና። ሦስተኛ፣ አስታማሚውን እንጠብቅ፤ ጭምብል፣ ሳሙናና ውሃ አይጉደልበት። አራተኛ፣ አልጋው ዙሪያ መሰብሰቡን ትተን ምግቡን ከደጅ እናድርስ፣ በስልክ እናጽናና፣ ልጆቹን እንርዳ።

እንዲህ ስናደርግ ጥየቃችን አልቀረም፤ ለታመመውም ለጎረቤቱም የሚበጅ ሆነ እንጂ።