ጤና አዳም በሮም በረንዳ



ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ ስለ ተክል ላወራ መነሣቴ ሊያስቃችሁ ይችላል። ዳሩ ግን አምና ለቡናችን ብላችሁ ከዚህ የወሰዳችሁት ጤና አዳም ደረቀብን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አትቀየሙኝና፣ አብዛኞቻችሁ የገደላችሁት በውኃ ነው። በየቀኑ ስታጠጡት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ደግሞ የጠማው መስሏችሁ ትጨምሩበታላችሁ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ቫዞው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፣ አፈሩ ላይ አሸዋ ወይም ላፒሎ ቀላቅሉበት፣ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝበት ቦታ አኑሩት። ማዳበሪያ አታብዙበት። መነሻው ይኸው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ነው፤ እኛ እንግዳ ብንሆንም እሱ እዚህ ባለአገር ነው።

ስትገዙ ግን አስተውሉ። ጣልያኖች «ሩታ» ብለው የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ሩታ ግራቬኦሌንስ ነው፣ ግራፓ ውስጥ የሚጨምሩት። የእኛው ሩታ ቻሌፔንሲስ ይባላል። የቢጫ አበባው ጠርዝ እንደ ዐይን ሽፋሽፍት ከሆነ የእኛው ነው። ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ማምጣት ይቅርብን፤ ከታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ዘርም ሆነ ችግኝ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው። አንድ ጤነኛ ተክል ካለ ደግሞ ዘር አያስፈልግም። በበጋው ማብቂያ ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ ጥላ ውስጥ ትከሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ሐምሌ በቀትር እጅጌዬን ሰብስቤ ስከረክመው ዋልኩ። ምንም አልተሰማኝም። በሁለተኛው ቀን ክንዴ እሳት እንደነካው ውኃ ቋጠረ፤ ጥቁር ጠባሳው ለወራት አልለቀቀኝም። እኔማ መጀመሪያ የሰው ዐይን ነው ብዬ ነበር! ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ስለዚህ ጓንት አድርጋችሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቁረጡ፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ልጆች አይጫወቱበት። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እኅቶች፣ በቡናም በሻይም አትጠጡት፤ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። እናቶቻችን «ለሆድ ጥሩ ነው» ቢሉንም በዚህ ጊዜ አይሆንም።

ጥቁርና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው አረንጓዴ አባጨጓሬ ካያችሁ አትግደሉት፤ የሚያምር ቢራቢሮ ይሆናል። የበላው ቅጠል መልሶ ይበቅላል።

በሩ አጠገብ 12 ችግኞች አሉ። አንዱ 5 ዩሮ ነው፤ ገንዘቡ ለትምህርት ቤታችን መጻሕፍት መግዣ ይውላል። ጓንት ይዛችሁ ካልመጣችሁ በፌስታል ጠቅልዬ እሰጣችኋለሁ።