የሴንሰር ስፋትና የሥራው ዓይነት
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የካሜራ ሴንሰር ሁሉ የሚነጻጸርበት 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነው ስፋት ከሲኒማ የተወረሰ ነው። ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ የሲኒማውን ፊልም አጋድሞ የአንዱን ሥዕል ስፋት በእጥፍ አሳደገው፤ ካሜራውም እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ ሙሉ ፍሬም እየተባለ የሚከበረው መጠን በዘመኑ እንደ ድንክ ይቆጠር ነበር።

ሰፊ ሴንሰር የሚወደደው ብርሃን ስለሚሰበስብ ነው። የሙሉ ፍሬም ስፋት 864 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን የማይክሮ ፎር ሰርድስ 225 ገደማ ነው። በገና ዋዜማ ሌሊት በላሊበላ ጧፍ ይዘው የሚያዜሙትን ምእመናን ለሚያነሣ ባለሙያ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሰዎቹ ይንቀሳቀሳሉና ሻተሩን ማዘግየት አይቻልም፤ ፍላሽ ማብራትም ጸሎቱን ማወክ ይሆናል። በጠባቡ ሴንሰር የተነሣ ፊት ጤፍ የተነሰነሰበት ይመስላል። በማግስቱ ግን የቤተ ማርያምን የጣሪያ ሥዕሎች ለማንሣት ቢመለስ ሥዕሎቹ አይነቃነቁም፤ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አስደግፎ ሻተሩን ለብዙ ሴኮንድ ከከፈተ ጠባቡም ይበቃዋል።

በባሌ የሳነቴ አምባ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ዐይጥ የሚያድነውን ቀይ ቀበሮ ለሚከታተል ሰው ነገሩ ይገለበጣል። በማይክሮ ፎር ሰርድስ የ300 ሚሊሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም የ600ን ያህል ያቀርባል፤ ሸክሙም በዚያ ቀጭን አየር ውስጥ ይቀልለታል። እርግጥ 45 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሙሉ ፍሬም ያለው ሰው ሥዕሉን በ1.5 እጥፍ ቢቆርጠው 20 ሚሊዮን ይተርፈዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በሠርግ ላይ ነው። ሦስት ረድፍ ሆነው የቆሙ ዘመዶች ሁሉ ጥርት ብለው እንዲታዩ ሙሉ ፍሬም የያዘው ሰው የ50 ሚሊሜትር ሌንሱን ወደ ኤፍ 5.6 ማጥበብ ይኖርበታል። ማይክሮ ፎር ሰርድስ የያዘው በ25 ሚሊሜትር ሌንስና በኤፍ 2.8 ያንኑ ጥራት ያገኛል፤ እርሱ በአይኤስኦ 400 ሲያነሣ የወዲያኛው 1600 ይደርሳል። የስፋቱ ብልጫ እዚህ ላይ ይቀልጣል።

የዕቁቡን ገንዘብ ሁሉ ለሙሉ ፍሬም ካሜራ አውሎ ለሌንስ ያልተረፈው ወጣት የሚጎዳውም በዚሁ ነው። ከካሜራው ጋር በአንድ ካርቶን የመጣው ሌንስ ሲያቀርቡበት ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። አጠገቡ በኤፒኤስ ሲ ካሜራ ላይ የኤፍ 2.8 ሌንስ የገጠመው ባልደረባው ከእርሱ የበለጠ ብርሃን ያገኛል፤ ሙሽራይቱም ለፎቶግራፍ ተብሎ ወደ አዳራሹ ሁለተኛ አትገባም። ይህ ወጣት ዋጋው መጠነኛ የሆነውን የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢጨምር ኖሮ በዚያው ካሜራ ወደ ዐሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ባገኘ ነበር።